ከጨርቁ ላይ ያነሣሁት ራም

ሦስት ዐቢይ ፆም ሙሉ ንስሐ አባቴ ፊት ቆሜ ሐሜቴንም ቁጣዬንም ዘርዝሬያለሁ። ይህቺን ግን እየዘለልኳት መጣሁ። ከአፌ ወጥታ አታውቅም። ዛሬ ለእናንተ ልናገራት።

ልጄ ሐና እዚሁ መካነ ሰላም፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ናት። ለትምህርት ቤቱ አንድ ያረጀ ሰርቨር ተሰጠ፤ ለብዙ ኮምፒውተሮች እንደ ጎተራ የሚያገለግል፣ ሲነሣ የሚያጓራ ከባድ ማሽን ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋም ተማሪዎቹ እንዲያነቡበት ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ልትጭንበት ብትል መሃል ላይ እየደረሰ ቀጥ አለባት። ቤት አመጣችውና ሰይድ የሚባል ጠጋኝ እንዲረዳት ጠራች። እሷ ከመሰከረችለት ትምህርት ቤቱም ሊቀጥረው አስቦ ነበር።

እኔ ሰው አላምንም። ወፍጮ ቤት እህሌን ትቼ ሄጄ አላውቅም፤ ዱቄቱ ጆንያዬ ውስጥ እስኪገባ ዓይኔን አልነቅልም። ጠጋኞች ደግሞ ደህናውን አውጥተው የተበላሸ ይከታሉ ሲባል እሰማለሁ። በርጩማ ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እስላም ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ አጎቶቼም እስላሞች ናቸው። እኔ የምጠረጥረው ሁሉንም ነው።

«ሐና፣ ይቺ ማሽን በዕድሜ ሳትበልጠን አትቀርም» አለ ሰይድ። «አንቱ እያልሽ እዘዣት፣ እሺ ትል ይሆናል።»

ልጄ ሳቀች። እኔ ግን የሚያስቀን እጁን እንዳናይበት ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

ሊኑክሱ ያለበትን ፍላሽ ቀየሩ፤ ዲስኩን ቀየሩ፤ ያው ነው። ከዚያ ራም የሚሉትን፣ እንደ ማበጠሪያ ቀጭን የሆነ ዕቃ፣ አራቱንም ነቅለው አንድ በአንድ እየሰኩ ሞከሩ። አንዱ ተበላሽቶ ኖሯል። እሱን ለብቻው፣ ደህናዎቹን ሦስቱን ጨርቅ ላይ አኖሩ። ሰይድ ለሰላት ሊታጠብ ጓሮ ወጣ፤ ሐናም ስልክ ልታናግር ወጣች። ሲመለስ ይለውጠዋል አልኩ። አንዱ እንኳ ይትረፍ ብዬ ከደህናዎቹ አንዱን አንሥቼ ቀሚሴ ኪስ ከተትኩ። እኔ ነኝ ያነሣሁት። ሲለውጥ አይቻለሁ? አላየሁም።

ሰይድ ቀድሞ ገባና መፍቻዎቹን ቦርሳው ውስጥ መሰብሰብ ጀመረ። ሐና ስትገባ ሁለት ብቻ አገኘች። ወለሉን ፈለገች፤ የማሽኑን ሆድ ፈለገች። ያን ጊዜ «እኔ ጋ ነው» ብል በሳቅ ያልቅ ነበር። አፈርኩ። ዝም አልኩ። የልጄ ዓይን ቦርሳው ላይ ሲያርፍም ዝም አልኩ። ሰይድ ቦርሳውን ገለበጠ፤ ኪሱን ገለበጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ እርስዎ ከዚህ አልተነሡም። አለመንካቴን ይመስክሩልኝ።»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? አራተኛን ያልጨረሰ ሰው ይኼን በምን ያውቀዋል?»

ዓይን ለማየት ስንተኛ ክፍል መድረስ አለበት? ያለመማሬን ስወቀስበት ኖሬ፣ ያን ቀን ተሸሸግኩበት።

«ይሁን» አለ። «አላህ ያያል።»

ሐና አልመሰከረችለትም፤ ሳይቀጠር ቀረ። ወሬው ገበያ ወረደና ስልክ የሚያሠሩት ሰዎች እንኳ ራቁት። አሁን አጅባር ከተማ ነው ያለው ይላሉ። ሊኑክሱ በሁለቱ ራም ተጭኗል፤ ተማሪ ሲበዛበት ግን ይቆማል። በቆመ ቁጥር ልጄ «እማ፣ ያ ሌባ እኮ!» ትላለች። እኔም «ተይው ልጄ፣ ለፈጣሪ ስጪው» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ፣ በሰረቅኩት ነገር ደግ ሴት ተብያለሁ።

ስለ ልጄ ብዬ ነው አልልም። መጠርጠሬን ሰው ይረዳልኝ ይሆናል፤ ዝምታዬን ግን እኔው ራሴም አልረዳውም። እናንተንም ማሩኝ አልላችሁም፤ የተበደለው ሌላ ነው። ቅዳሜ ሐናን ይዤ አጅባር እሄዳለሁ። ምክንያቱን አልነገርኳትም። እሱ ፊት፣ እሷ እየሰማች፣ ያነሣሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ይቅር ቢለኝም ባይለኝም፣ ልጄ ከዚያ ወዲያ እማ ብትለኝም ባትለኝም፣ ከአፌ አልመልሰውም።