ከሁሉ ኋላ የምትሄደው ኤሊነድ

ኤሊነድ ፒው ሰውን የምታውቀው በተረከዙ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በጋ በመጣ ቁጥር፣ በእግር ሊጓዙ የሚመጡ እንግዶችን ከኋላ ስትከተል ኖራለች። ሮድሪ የሚባለው ወጣት መሪ ካርታውን ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ እሷ ደግሞ ማንም መንገድ ላይ እንዳይቀር ትጠብቃለች። አዲስ ጫማ የላጠው፣ ጉልበቱ የከዳው፣ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ የሚጎተተው ሁሉ መጨረሻው እሷ ዘንድ ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርታለች። መቶ ሕፃን በአንድ ጊዜ ያበላ ሰው አሥራ አምስት ጡረተኛ መንዳት አያቅተውም ትላለች።

የበር ነገር ሲነሳ ግን አትቀልድም። በእሷ አገር ተከፍቶ የተገኘ የግጦሽ በር ተከፍቶ፣ ተዘግቶ የተገኘም ተዘግቶ ይታለፋል። ይህንን የምታረጋግጠው የመጨረሻዋ ተጓዥ ናት።

በዚያ ሰኔ ኢድዋል ቤብ የተባለው ገበሬ ቡድኑ መሬቱን አቋርጦ እንዲያልፍ ለአንድ ወር ፈቅዶ ነበር፤ ለሙከራ። ለዚህ ፈቃድ ኤሊነድ ሦስት ክረምት ደጅ ጠንታለች። የኢድዋል መሬት ከተከለከለ እንግዶቹ ወደ ሐይቁ የሚደርሱት ሁለት ሰዓት በአስፋልት፣ ከመኪና ጋር እየተጋፉ ነው። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ሐሙስ ቀን ፀሐዩ ከረር ብሎ ነበር። ለምሳ ኮረብታው ላይ ተቀምጠው ሳለ ኤሊነድ ወደ ታች አየች። በጎች የተዘጋው በር ላይ ተጠጋግተው ይጮኻሉ። ጅረቱ ያለው ከበሩ ወዲያ ነው።

«ሮድሪ፣ ታችኛው በር ስትደርስ እንዴት ነበር?»

«ወለል ብሎ የተከፈተ።»

«እኔ ስደርስ ተዘግቶ ነበር። መቀርቀሪያውንም ነካክቼ አረጋግጫለሁ።»

ዴዝሞንድ ሃርትሊ የተባለው ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ማኘኩን አቆመ። «እኔ ነኝ የዘጋሁት። በጎቹ እንዳይወጡ ብዬ ነው።»

«ምነው ዴዝሞንድ» አለች ሚስቱ፣ «ክፍት ያየኸውን ሁሉ መድፈን አለብህ እንዴ?»

ሰዎቹ ሳቁ። ሮድሪ ግን ተነስቶ ነበር። «ሮጬ ልክፈተውና ልመለስ። ኢድዋል እንደሆነ አላየም።»

«ኢድዋል አላየም። እኔ አይቻለሁ» አለች ኤሊነድ።

ነገሩን ብዙ አላወጣችም አላወረደችም። ኢድዋል ከሌላ ሰው አፍ ከሰማው መንገዱ አበቃለት። ከእሷ ከሰማው ይቆጣል፤ የሚቆጣ ሰው ደግሞ ገና ንግግሩን አልጨረሰም፤ ሊለመን ይችላል። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቁልቁል ወረደች። ዴዝሞንድም ማንም ሳይጠራው ተከተላት። በሩን ሲከፍቱት በጎቹ እየተገፈታተሩ ወደ ጅረቱ ወረዱ።

ኢድዋል ግቢው ውስጥ የትራክተር ጎማ ሲፈታ አገኙት። ኤሊነድ ዴዝሞንድ በማያውቀው በአገሩ ቋንቋ ጀመረች።

«ኢድዋል፣ ታችኛውን በር ዘግተን በጎችህን ከአራት ሰዓት ጀምሮ ከውሃ ለይተናቸዋል። አሁን ከፍተን ጠጥተዋል።»

«ማነው የዘጋው?» ዓይኑ ዴዝሞንድ ላይ ነበር።

«ኋለኛዋ እኔ ነኝ። ከኋላዬ ለሚቀረው ነገር የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«አንቺማ በር ታውቂያለሽ። እነዚህ የከተማ ሰዎችሽ ቤታቸው በመስኮት ነው እንዴ የሚገቡት?»

«ስማኝ ኢድዋል። ስህተቱ ከአሠራራችን ነው። እኔ በሩን የማየው ከፊቴ ያለው ሰው እንደተወው እንጂ መሪው እንዳገኘው አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን አላሰብኩትም። ከነገ ጀምሮ እኔ እስክደርስ ሮድሪ በየበሩ ቆሞ ይጠብቃል።»

«አሥራ አምስት ሰው በየበሩ ተገትሮ? ሐይቁ ጋ ለገና ትደርሳላችሁ!»

እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ መጋዘኑ ገባ። ዴዝሞንድ ሊሄድ ዞር አለ። ኤሊነድ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም፤ ሰውየው ሲያስብ ጀርባውን እንደሚሰጥ ታውቃለች።

ኢድዋል ድርቆሽ የሚታሰርበትን ሰማያዊ ሲባጎ በእቅፉ ይዞ ወጣ።

«ሮድሪ ክፍት ያገኘውን በር ከድንጋይ ካቡ ጋር ይሰረው። የታሰረ በር የሚነካ የለም፤ አንቺ ስትደርሺ ትፈቺዋለሽ። እስከ ሐይቁ ስድስት በር ነው፤ ይህ ለዓመቱ ይበቃችኋል።»

«ለዓመቱ?»

«በየበሩ አሸንክታብ ካልሠራችሁበት።» ወደ ጎማው ተመለሰ።

ዴዝሞንድ ጠጋ አላት። «ምን አለ?»

«መንገዱን ሰጠን። ይህንን ደግሞ እርስዎ ይሸከሙ» አለችና ሲባጎውን አስታቀፈችው።