በእሳት ያለፉ ገጀራዎች

ባለፈው ሳምንት የቡና መግረዣ መቀስ ልገዛ አማን ከተማ ሄጄ ነበር። ልጅ እግሩ ባለሱቅ ሁለት ዓይነት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። አንደኛው እጀታው ቀይ ላስቲክ የለበሰና ቀለል ያለ ነው፤ ሌላው ጥቁርና ከባድ። ሁለቱንም ከፈት ዘጋ አድርጌ ወደ ብርሃን ይዤ አየኋቸው። የቀዩ ስለቶች ሲገጥሙ መሃላቸው ክፍተት ያሳያል። እንዲህ ያለው ቅርንጫፍ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። ጥቁሩን መረጥኩ። ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ገና ከሱቁ ሳልወጣ ጣቶቼ ዛሉ።

«እማማ፣ ይሄ ይከብድዎታል። ቀዩን ቢወስዱ ይሻልዎት ነበር» አለኝ።

«የታኘከ ቡና ቁስሉ ቶሎ አይገጥምም፤ በቁስሉ ደግሞ በሽታ ይገባል» አልኩት። ፈገግ ብሎ ጠቀለለልኝ። ወደ ቴፒ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፌ ዝናቡን ሳይ፣ ያ ከአባዬ ጋር ያሳለፍነው ክረምት መጣብኝ።

ያኔ ገና አላገባሁም ነበር። እናቴ ሞታለች፤ ታላላቆቼ ጅማ ነበሩ። ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለው ማሳችን የቀረነው እኔና አባቴ ነስሩ ብቻ ነበርን። አባዬ በወጣትነቱ ከጅማ አካባቢ መጥቶ፣ ያንን ቡና ከችግኝ ጀምሮ በእጁ ያሳደገ ሰው ነው። ብረት አያያዝ ያስተማረኝም እሱ ነው። በእኛ አገር እርጥበት ገጀራ አንድ ቀን ሳይጠረግ ካደረ በማግስቱ ቀይ አቧራ ለብሶ ይገኛል። ስለዚህ አባዬ ማታ ማታ ስለቱ ላይ የደረቀውን የዛፍ ሙጫ በአመድ ፈትጎ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ ዘይት አስነክቶ ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ላይ ይሰቅለዋል። ሞረድ ሲስብ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ወዲያና ወዲህ ከፈተገ ስለቱ ይሞታል ይላል። ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ስለቱ ራሱ በሽታ ተሸክሞ እንደሚዞር ግን ማናችንም አናውቅም ነበር።

በሽታው የጀመረው ከመንገዱ በኩል ነው። አንድ እግር ቡና በአንድ ጎኑ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተንጠለጠለ። አባዬ ውሃ ጠምቶት ነው አለ፤ በሐምሌ ዝናብ! ብዙም ሳይቆይ ዛፉ በሙሉ ፍሬውን እንደያዘ ደረቀ፤ ቀጥሎም አጠገቡ ያለው። ከግብርና የመጣው ባለሙያ ከግንዱ ሥር ልጡን ገልጦ አሳየን። ውስጡ ጠቁሯል። የቡና አድርቅ ነው አለን። ፈንገሱ የሚገባው ግንዱ በቆሰለበት ነው፤ ከዛፍ ዛፍ የሚወስደውም ገጀራ ነው። የታመመውን ነቅላችሁ እዚያው አቃጥሉ፤ ስለት ያለው ነገር ሁሉ ወደ ማሳው ከመግባቱ በፊት በእሳት ነበልባል ይለፍ አለ።

ነቀልን፣ አቃጠልን። አባዬ እሳቱ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። እርጥብ ቡና ሲቃጠል ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ያን ቀን ያለቀስነው በጭሱ ይሁን በሌላ አልተጠያየቅንም።

ከዚያ የአረም ጊዜ ደረሰ። በየዓመቱ ጎረቤቶች በደቦ ይመጣሉ፤ ዛሬ እኛ ጋ፣ ነገ እነሱ ጋ። ከሁሉም ቀድሞ የሚደርሰው የድንበር ጎረቤታችን ጋሽ ያዕቆብ ነው። የቤንች ሰው ነው። እናቴ ስትሞት ከአባዬ ጋር አብሮ ያደረ፣ እኔን እንደ ልጁ የሚያይ። በዚያ ጠዋት ጎደሬ በትልቅ ድስት ቀቅዬ፣ ዳጣ አዘጋጅቼ፣ በራችን ላይ ደግሞ እሳት አነደድኩ። ሰዎቹ ገጀራቸውን ይዘው ሲደርሱ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ በእሳቱ እንዲያሳልፉት ነገርኳቸው።

ጋሽ ያዕቆብ ሳቀ። እንዳልቀለድኩ ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

«ነስሩ፣ በሽታ ይዤልህ የመጣሁ ነው የመሰለህ?» አለ ወደ አባዬ ዞሮ።

«ጋሽ ያዕቆብ፣ እርስዎን አይደለም እኮ፤ ብረቱን ነው» አልኩ።

«ብረቱስ የማን ነው?»

አባዬ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየ። ፊቱ ላይ ያየሁት ኀፍረት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ሰው ሊረዳው መጥቶ በሩ ላይ እንዲህ ሲሆን ማየት ለሱ ከቡናው መድረቅ የባሰ ነበር። ቢሆንም የራሱን ገጀራ አንስቶ፣ በነበልባሉ ላይ አገላብጦ አሳለፈና ለሰዎቹ ቦታ ለቀቀ። የሚችለውን ያህል አግዞኛል። ጋሽ ያዕቆብ ግን ገጀራውን ብብቱ ሥር ከትቶ ወደ መጣበት ተመለሰ። የቀሩትም እሱን አይተው አንድ በአንድ ሄዱ። ጎደሬው ከነድስቱ ቀረ።

ያን ክረምት ማሳውን ሁሉ ብቻችንን አረምን። ዝናቡ አያባራም፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ከግንዱ አጠገብ ያለውን ሣር ቡናውን እንዳናቆስል በእጅ እንነቅላለን፤ ራቅ ያለውን በገጀራ እንመታለን። ከአንዱ ጥግ ጨርሰን ዞር ስንል የጀመርንበት ጥግ አብቅሎ ይጠብቀናል። አባዬ ማታ ማታ ጣቶቹን መዘርጋት አቅቶት እኔ አንድ በአንድ አፍታታለታለሁ። «የኔ አልመስል አሉኝ» ይል ነበር። ደግሜ ደጋግሜ እሳቱን ትተን ሰዎቹን እንጥራ ልለው አስቤ፣ ቢጫ ቅጠል በታየኝ ቁጥር ሐሳቤን እለውጣለሁ። ጋሽ ያዕቆብ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ አይቆምም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ እሱው ራሱ በበራችን ገባ። ገጀራውን ዘርግቶ አባዬ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። ብረቱ ጠቁሯል፤ ስለቱ እንደ ሙዝ ቅጠል ተጣጥፏል።

«ልጅህ ገጀራዬን ገደለችው» አለ።

በድንበሩ በኩል ያለው ቡናው ቢጫ መሆን ጀምሮበት ኖሯል። እኛን መጠየቅ ከብዶት፣ እሳት ያጠራዋል የተባለውን አስታውሶ፣ ገጀራውን ምድጃው ውስጥ ከትቶ ራቱን በላ። ብረቱ ቀልቶ፣ እዚያው አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ቀዘቀዘ። ጥንካሬው ሁሉ ጠፋ። ጠዋት መጀመሪያ በመታው ሣር ተጠቀለለ።

አባዬ በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ጋሽ ያዕቆብ ጀርባውን መታ መታ አደረገለት። ከዚያ አባዬ ከቆጡ ላይ ከገጀራዎቹ የተሻለውን አውርዶ ሰጠው። «ነበልባሉ ልሶት ይለፍ እንጂ አይጋግረው» አለ፤ ነበልባሉ ላይ ወዲያና ወዲህ እያደረገም አሳየው።

«ያን ቀን ባልሄድ ኖሮ» አለ ጋሽ ያዕቆብ፤ አልጨረሰውም። አባዬም እንዲጨርስ አልጠበቀም፤ የቡናውን ቅጠል ሊያይለት አብሮት ወጣ።

በሚቀጥለው ደቦ እሳቱ የነደደው በጋሽ ያዕቆብ በር ላይ ነበር። እሱ ሲናገር ሰዎቹ ሰሙ። ለላይኛው ማሳ ግን አልደረስንለትም። የእኛም የእሱም፣ ከመንገዱ በኩል ያለው ቡና ሁሉ ተነቅሎ ተቃጠለ። ወደ ወንዙ ያለው ታችኛው ክፍል ተረፈ። ተረፈ የምለው ግን እኔ ነኝ፤ አባዬ ይህን ቃል አፉ ላይ አውሎት አያውቅም። እስኪሞት ድረስ በየጠዋቱ ወደ ታች ይወርድና ቅጠሎቹን እያየ ይመለሳል። «እንዴት ነው?» ስለው «ለዛሬ ደህና ነው» ይለኛል።

ጋሽ ያዕቆብም አረፈ። ልጆቼ በየፊናቸው ናቸው፤ መሬቱን አከራይተሽ ዕረፊ ይሉኛል። መልካም ሐሳብ ነው፤ ጉልበቴም ከእነሱ ጋር ይስማማል። ግን የሚከራየው ሰው በየጠዋቱ ይወርዳል ብዬ ማመን አቃተኝ። ዛሬ ጠዋትም ምርኩዜን ይዤ፣ ሁለት ቦታ አርፌ፣ ወንዙ ዳር ደረስኩ። ቅጠሉ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ብቻ ዳገቱን ቀና ብዬ ሳየው ደከመኝ። ነገ ደግሞ መውረድ አለብኝ።