የዲንቄ ሳጥንና የባላምባራሱ ወንበር

በአዳማ ከባቡሩ ቀጥሎ ሰው የሚፈራው ዲንቄ ገርባን ነበር። ባቡሩ እንኳ ጨዋ ነው፤ ከመግባቱ በፊት ያፏጫል። ዲንቄ አታፏጭም። ሦስት እግር ያለውን ሳጥኗን ተክላ ጥቁሩን ጨርቅ ስትከናነብ ያያችኋት እንደሆነ ወይ ፎቶ ተነስታችኋል፣ ወይ ልትነሱ ነው።

ድሮ በጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ሆቴል ልብስ አጣቢ ነበረች። በ1913 ዓ.ም. ግድም ሙሴ ካራፔት የሚባል አርመን ሳጥኑን፣ መስተዋቶቹንና አንድ ካባ ይዞ ከባቡር ወረደ። ያቺ ካባ ለአዳማ ያደረገችውን ቤተ መንግሥት አላደረገላትም። ሰው ሁሉ ተራ በተራ እሷን እየደረበ፣ የተውሶ ጎራዴ እየታጠቀ ተነሳ። የቆዳ ነጋዴው ራስ መሰለ፤ የእሱ በቅሎ ጫኝ ደጃዝማች መሰለ፤ የበቅሎ ጫኙ ዕዳ ጠያቂ ደግሞ ሁለቱንም የሚሽር መሰለ። አንዲት ካባ በአንድ በጋ ያን ያህል መኳንንት ወልዳ አታውቅም።

ካራፔት ፎቶ የሚይዘው መስተዋት ላይ ስለሆነ፣ የሚያጥብለት ሰው ፈለገ። የአዋሽ ውኃ ግማሹ ጭቃ ነው። ያንን አጥልሎ መስተዋት የሚያጠራ እጅ ቢፈለግ ቢፈለግ የዲንቄ ብቻ ሆነ። ዲንቄ መስተዋት እያጠበች መድኃኒቱን ለየች፣ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነውን ፋኖስ ለየች፣ ወረቀቱ ላይ ሰው ቀስ እያለ ሲወጣ አየች። ካራፔትን ወባ ሲጥለው ወደ ባሕር አየር ሄደ፤ «እስክመለስ ሳጥኑን ጠብቂ» አላት። እሷ ጠበቀች። ሳጥኑ ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልሆነለትም።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ካባዋን ለበቅሎዋ ማልበስ ነው። በቅሎዋ ስታልፍ አንዳንድ የዋህ ከመንገድ ወርዶ እጅ ነሳ ይባላል፤ እኔ ግን ከሁለት ሰው በላይ አላምንም።

ከዚያ በኋላ ሳጥኗን ጭና ማንም ፎቶ ወዳላነሳው ሰው ሄደች። የጣቢያውን ኩሊዎች ከነቆዳ ሸክማቸው፣ ከአቦምሳ እህል ጭነው የሚመጡትን ነጋድራሶች ሳይሆን ነጂዎቻቸውን ከነአቧራቸው፣ መቂ ወንዝ ዳር ከብት የሚያጠጡትን ከነከብታቸው አነሳች። «ፎቶማ የመኳንንት ነው» ሲሏት፣ «መኳንንቱ በቅሎዬ ላይ አሉ» ትላለች።

አንድ ሕግ ግን ነበራት። በዚያ ዘመን ሰው ሹም ፊት ሲቆም ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያሸርጣል፤ ያደገድጋል። ኩሊ ደግሞ ሹም ያልሆነበት ሰው ስለሌለ፣ ሸማው ትከሻውን የሚያገኘው ሲተኛ ብቻ ነው። ሳጥኑን ሲያይም እንደ ልማዱ አደግድጎ፣ አንገቱን ሰብሮ ይቆማል። ዲንቄ ታዲያ ከጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ብቅ ትልና፣

«ትከሻ!» ብላ ትጮኻለች። «ሳጥኔ ሹም አይደለም! ሸማህን ልበስ፣ አገጭህን አንሳ!»

ሌላው ሕግ የሳጥኑ የራሱ ነው። ሳጥኑ ሽማግሌ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚያየው። የዓይኑ ክዳን ሲነሳ ክርስቲያኑ አባታችን ሆይን፣ ሙስሊሙ ፋቲሃን በልቡ ይጀምራል፤ ክዳኑ ሳይመለስ የተንቀሳቀሰ መስተዋቱ ላይ ጉም ሆኖ ይቀራል። «የተንቀሳቀሰ ይጠፋል» ትላለች ዲንቄ፤ አዳማም አመነ። ከዚያ ወዲያ ዝንብ አፍንጫው ላይ ሠርግ ብትደግስ እንኳ የሚንቀሳቀስ አልተገኘም።

ፎቶዎቹን የምትሰቅለው በአብደላ ሱቅ ግድግዳ ላይ ነው። አንድ ቀን የኬላው ሹም ባላምባራስ ኃይለየሱስ ስኳር ሊገዙ ገብተው አንዱ ፎቶ ፊት ቆሙ። ሸማውን በትከሻው የጣለ፣ ደረቱን የነፋ ሰው ነው።

«ይህ ጌታ የየት አገር ሰው ነው?» አሉ።

«የእርስዎ አሽከር ደገፋ ነው፣ ጌታዬ» አለ አብደላ። «በረንዳ ላይ በቅሎዎን ይዞ ቆሟል።»

ባላምባራስ ስኳሩን ሳይዙ ወጡ። ዲንቄ ተጠራች።

«አንቺ! አሽከሬን ጌታ አደረግሽብኝ!»

«ሸማውን ነው ያለበስኩት፣ ጌታዬ።»

«በማን ፈቃድ?»

«ሸማው የራሱ ነው።»

ባላምባራስ ጢማቸውን እያሹ ወደ በቅሏቸው ሄዱ። በልባቸው ግን ያዙት።

በ1923 ዓ.ም. በጋ ላይ ሙሴ ጋስቶን የሚባል ፈረንሳዊ እጀታው እየዞረ የሚሠራ የሲኒማ መሣሪያ ተሸክሞ አዳማ ወረደ። ከልብስ አጣቢነት ተነስታ ፎቶ አንሺ ስለሆነች ሴት ወሬ ሰምቶ፣ ሕይወቷንና ሥራዋን በሲኒማ ሊያነሳ ነው የመጣው። አስተርጓሚው የጣቢያው አስፋው ነው፤ ፈረንሳይኛውን ከባቡሩ ጭስ ጋር የቀሰመ ሰው።

«ሕይወትሽን ከመጀመሪያው ይፈልገዋል» አላት አስፋው። «ሸሚዝ ስታጥቢ ይጀምር ይላል።»

«ያን ጊዜ ያጠብኩት ለደመወዝ ነው በለው። የእሱ ሸሚዝ ከቆሸሸ አዋሽ ሩቅ አይደለም።»

አስፋው ይህን ሲተረጉም «ክብርት እመቤት ዛሬ አሟታል» አድርጎ አለዘበው። ጋስቶንም ሸሚዙን ትቶ ሥራዋን ብቻ ሊያነሳ ተስማማ።

ከተማው መሐል ሲኒማ ለማንሳት ግን የባላምባራስ ፈቃድ ግድ ነው። እሳቸውም በልባቸው የያዙት ቀን እንደደረሰ አወቁ።

«ይነሳ» አሉ። «እኔ መሐል ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ኩሊውም አሽከሩም ከኋላዬ አደግድጎ ይቆማል። እሷም አደግድጋ በጎኔ ትቆምና፣ ጥበቡን ያስተማርኳት እኔ እንደሆንኩ በሲኒማው ይነገራል። እምቢ ካለች ሳጥኑም መስተዋቱም ኬላ ይገባል፤ ኬላ የገባ ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚወጣ ታውቀዋለች።»

ኬላ የገባ ነገር አይወጣም። የኩሊዎቹ አለቃ መርዳሳ ይህን ሲሰማ እየሮጠ ዲንቄ ዘንድ መጣ።

«አካም ጅርታ፣ አዴ ዲንቄ! እባክሽ ለአንድ ቀን ብቻ አደግድጊላቸው። እኛ ለምደነዋል፣ አያምም።»

«አንተ ያላመመህ ስለደነዘዘ ነው» አለችው። «ሳጥኑ ፊት አደግድጌ ከቆምኩ፣ እስከ ዛሬ ትከሻ ያልኩት ሁሉ ቀልድ ነበር ማለት ነው።»

«ታዲያ ሳጥኑን ሊወስዱብሽ ነው?»

«ሳጥኑም ይቆማል፣ እኔም እቆማለሁ።»

ወደ ባላምባራስ ሄዳ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ፈረንጁ ሲያነሳ እሷም በሳጥኗ አንድ ጊዜ እንድታነሳ። ባላምባራስ አሰቡት። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መነሳት ለማን ደረሰ?

«ፈቅጃለሁ» አሉ። «እኔን አንስተሽ ስታበቂ በጎኔ ትቆሚያለሽ።»

ቅዳሜ ገበያው መሐል ወንበሩ ተተከለ። ባላምባራስ ኒሻን የሚያክል ቁልፍ ያለው ካፖርት ለብሰው ተቀመጡ። ከኋላቸው ኩሊው፣ አሽከሩ፣ አስፋውም ጭምር፣ አንገት ሰብሮ አደገደገ። ጋስቶን እጀታውን ጨበጠ። ዲንቄ ከጎኑ ሳጥኗን ተክላ ጥቁሩን ጨርቅ ስትከናነብ፣ «ውይ፣ በሹም ፊት!» ያለች አንዲት ባልቴት ነበረች። ዲንቄ ብቅ አለች፣ የሳጥኑን ክዳን ያዘች፣

«ትከሻ!»

ልማድ ክፉ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ ሸማውን ከወገቡ ፈትቶ ትከሻው ላይ ጣለ፣ አገጩን አነሳ፣ ትንፋሹን ያዘ። ክዳኑ ተነሳ። የጋስቶንም እጀታ መዞር ጀመረ።

ባላምባራስ የሸማውን ድምፅ ሰምተው ዞር አሉ።

«ምንድን ነው ይሄ? አደግድጉ!»

አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም።

«አደግድጉ አልኩ! መርዳሳ!»

መርዳሳ ከንፈሩን ሳያላቅቅ፣ በጥርሱ መሐል ሹክ አለ፦ «ጌታዬ፣ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ይጠፋሉ።»

ባላምባራስ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ሸማ ሊያወርዱ ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጡ። የአንዱን ሲጎትቱ ጎራዴያቸው የሌላውን ያዘ። ያ ሁሉ ሰው ግን ድንጋይ ነው። ጋስቶን በበኩሉ ተስፋ ቆርጦ በፈረንሳይኛ ይጮኻል፤ ሲኒማ ማለት የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፣ ለምን አይንቀሳቀሱም ነው ነገሩ። ይህን ሊተረጉም የሚችለው አስፋው ብቻ ነው። አስፋው ደግሞ ሸማውን በትከሻው ጥሎ አባታችን ሆይን ገና «የዕለት እንጀራችንን» ላይ አድርሷል፤ ፊቱን ሊያጠፋ ነው እንዴ?

ዲንቄ ክዳኑን መለሰች። «በቃ፣ ተንፍሱ» አለች። አዳማ ባንድ ጊዜ ሲተነፍስ የገበያው አቧራ ተነሳ።

በማግስቱ ባላምባራስ ደገፋን አስከትለው፣ ደገፋ ደግሞ መዶሻ ይዞ፣ የዲንቄ ቤት መጡ። ፎቶው የወጣበት ወረቀት ከነመስተዋቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ኩሊው ሁሉ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይቆጠራል። ትከሻው ላይ የጣለው ሸማ እጥፋቱ ይታያል። መሐል ላይ ባዶ ወንበር አለ፤ በወንበሩ ዙሪያ ደግሞ እርጥብ እንጨት እንደሚያጨሰው ያለ ጉም።

«እኔ የታለሁ?» አሉ ባላምባራስ።

«ይኸውልዎ» አለች ጉሙን በጣቷ እያሳየች። «እኔ አላጠፋሁዎትም፣ ጌታዬ። የቆሙት ሁሉ አሉ።»

«ደገፋ! ስበረው! ሳጥኑንም ስበር!»

ደገፋ መዶሻውን አንስቶ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። ከሁለተኛው ረድፍ፣ ከመርዳሳ ቀጥሎ፣ ደረቱን የነፋ ሰው አየው። መዶሻው እላይ እንዳለ ቀረ።

«ጌታዬ» አለ፣ «ይሄ እኔ ነኝ።»

«ስበር አልኩህ!»

«እሺ፣ እርስዎ ይስበሩት» አለና መዶሻውን ዘረጋላቸው። ሸማው ትከሻው ላይ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ማውረዱን ረስቶታል።

ባላምባራስ መዶሻ ጨብጠው አያውቁም፤ እንዲህ ያለው ሥራ የአሽከር ነው። ደጅ ደግሞ የየራሱን ቅጂ ሊወስድ የመጣው ኩሊ እስከ ሐዲዱ ተሰልፏል፤ ሁሉም ሸማውን በትከሻው ጥሎ ቆሟል። ባላምባራስ የተዘረጋላቸውን መዶሻ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ወጡ። ሳጥኑ ኬላ ሳይገባ ቀረ።

ሲኒማው ከጋስቶን ጋር በባቡር ሄደ። አዲስ አበባ የታየ ጊዜ፣ ስለ ፎቶ አንሺዋ ሊነገር የታሰበውን ማንም አልሰማም አሉ፤ ሰው ሁሉ «ያ ብቻውን የሚዘለው ማነው?» እያለ ሲስቅ አለቀ። ወሬው አዳማ ሲደርስ ባላምባራስ ሁለት ሳምንት ኬላቸውን ዘግተው ተቀመጡ።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ዲንቄ ደጅ መጡ። ካፖርት የለም፣ ኒሻን የሚያክል ቁልፍ የለም። ከመርዳሳ ኋላ ተራ ያዙ፤ መርዳሳ ሊለቅላቸው ሲል ዲንቄ በዓይኗ ከለከለችው። ተራቸው ሲደርስ ሳጥኑ ፊት ቆሙ። እጃቸው ወደ ወገባቸው ይሁን ወደ ትከሻቸው ግራ ገባው።

«ትከሻ፣ ጌታዬ» አለች።

ሸማቸውን ጣሉ፣ አገጫቸውን አነሱ። ክዳኑ ተነሳ። ጉንጫቸው እስኪቀላ ትንፋሻቸውን ያዙ። ክዳኑ ተመለሰ፣ መስተዋቱም ወጣ፣ የሚቀጥለው ሰው ቀረበ፤ እሳቸው ግን እዚያው እንደ ግንድ ቆመዋል።

«ይተንፍሱ እንግዲህ» አለች ዲንቄ፣ ጨርቋን መልሳ እየተከናነበች። «ቀጥሎ ያለው ሰው እየጠበቀ ነው።»