ያልተሰማ አዎን

እስራኤል አገር፣ ሀደራ መሀል ከተማ፣ ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ቆመን ነበር። ልጆቻችንን ከሌሎቹ ለይታችሁ አታስተምሩ የሚል ጽሑፍ ይዘናል። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ መፈክሩን እንኳ በሹክሹክታ ነበር የምለው። ፖሊሶቹ መንገዱን ልቀቁ ሲሉ ብዙው ሰው ወደ ጎን ሸሸ፤ እኔ ግን ፈርቼ በቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ። እምቢ ያልኩ መስሏቸው ይሆናል፣ ከያዟቸው አንዷ እኔ ሆንኩ።

የገባሁበት የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ጠባብ ነበር። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ወለሉ በረኪና በረኪና ይላል። ከፍ ብላ በተሠራችው መስኮት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይታያል። የብረቱ አግዳሚ ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። የጊቫት ኦልጋ ሰፈር ነዋሪ ናቸው፤ እሳቸውንም ከሰልፉ ላይ ነው ያመጧቸው።

"ነይ ቁጭ በይ" አሉኝ። "ብረቱ እንደሆነ ለሁለታችንም ይቀዘቅዛል። ምንድን ነው ሥራሽ?"

"ተማሪ ነኝ፣ እትዬ። ዩኒቨርሲቲ።"

"ምን ትማሪያለሽ?"

"ስለ ትምህርት።"

"መማርንም ይማሩታል?" ብለው ሳቁ። "በይ ንገሪኝ፤ ዛሬ ሌላ ሥራ የለኝም።"

ፈተናዬ ተቃርቦ ነበር፤ ርእሱም የምሥራቁና የምዕራቡ የትምህርት ፍልስፍና ንጽጽር ነው። ያጠናሁትን ነገርኳቸው። ምዕራቡ ልጅ ይጠይቅ፣ ይጠራጠር፣ መምህሩንም ይከራከር ይላል። ምሥራቁ ደግሞ አስቀድሞ ይስማ፣ ይድገም፣ የመምህሩን እጅ እያየ ይልመድ፤ ጥያቄው ሲበስል ይመጣል ይላል።

"እኛ ከየትኞቹ ነን?"

"ከምሥራቆቹ ሳንሆን አንቀርም።"

"ከደቡብ አይደለም እንዴ የመጣነው?"

ያጠናሁት መጽሐፍ ስለ ደቡብ ምንም አይልም ነበር። አቀርቅሬ ሳቅሁ።

"እነዚህስ?" አሉ በአገጫቸው ወደ በሩ እያመለከቱ። "በመጣን ሰሞን ባሌ ምኩራብ ገባ። ሁለት ሰዎች አንድ መጽሐፍ ዘርግተው፣ ጠረጴዛ እየደበደቡ ይጯጯኻሉ። ሊገላግል መሀላቸው ገባ! ለካ ኦሪት እያጠኑ ነው። እሱስ ምሥራቅ ነው ምዕራብ?"

ጥያቄው ስለጣመኝ፣ የት እንዳለሁ ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት።

እሳቸው አልረሱም። በማግስቱ ጠዋት ስለ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ስብሰባ ነበር፤ ለደካማ ተማሪዎች ወደተለየው ክፍል ትዛወር አትዛወር የሚወሰንበት።

"ሞራዋ ስትጠየቅ አትመልስም ትላለች" አሉኝ፤ መምህርቷን ማለታቸው ነው። "ቤት እኮ አፏ አይዘጋም! እኔ እዚህ ካደርኩ ማን ይናገርላታል?"

በሩ ተከፈተና አንዲት ወጣት ፖሊስ ውኃ ይዛ ገባች። "ዕብራይስጥ ይገባሻል?" ስትል እትዬን ጠየቀቻቸው። እትዬ ትንፋሻቸውን በአፋቸው ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ፖሊሷ ጠበቀች። ደግማ ስትጠይቅ እሳቸውም ደግመው፣ ጠንከር አድርገው ሳቡ።

"አስም አለባት እንዴ?" አለችኝ ደንግጣ። "ሐኪም ልጥራ?"

"አልታመሙም። አዎን ማለታቸው ነው።"

"ይሄ አዎን ነው?" እሷም ልትሞክረው ትንፋሿን ሳበችና ትን አላት። ሦስታችንም ሳቅን።

ፖሊሷ ስትወጣ የእትዬ ሳቅ ቆሞ ነበር።

"ልጄም እንዲህ ነው የምትመልሰው" አሉ ቀስ ብለው። "ትመልሳለች፤ ሞራዋ አትሰማትም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "የተማርሽው ምን ይላል? ልጅቷ ጮክ ማለት ትልመድ ወይስ ሞራዋ መስማት?"

"ልጅቷም ትልመድ፣ እትዬ። ሞራዋ ግን ትቅደም፤ ትልቋ እሷ ናት።"

ሊመሽ ሲል አንድ መኮንን ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። ለአንድ ወር ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አንቀርብም ብለን ከፈረምን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። የወረቀቱ ዕብራይስጥ ስለከበዳቸው ተረጎምኩላቸው።

"ስብሰባው እዚያው አይደለም እንዴ?" አሉ። "ጠይቂው፤ ፈርሜ በየት በኩል ልገባ ነው?"

ለስለስ አድርጌ ጠየቅሁት። ከፈለገች እዚህ ትደር አለ። እትዬ እስክሪብቶውን አግዳሚው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

"አንቺ ፈርመሽ ሂጂ" አለኝ።

ተነሣሁ። "ነገ ስለ ልጇ የሚወሰነው እዚያ ሕንጻ ውስጥ ነው" አልኩት። "እናት አትግባ የሚል ወረቀት ነው ያመጣህላት። እሷ ካልፈረመች እኔም አልፈርምም።"

ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወጣ። ሲመለስ በእትዬ ወረቀት ግርጌ አንድ መስመር በእጁ ጨምሮበታል፤ ለልጇ ስብሰባ፣ ከአስተርጓሚዋ ጋር፣ መግባት ትችላለች ይላል። በአማርኛ ካነበብኩላቸው በኋላ ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ።

በማግስቱ የእትዬ አስተርጓሚ ሆኜ ስብሰባው ገባሁ። ፖሊስ ጣቢያ ያየሁትን፣ የእናቷን የትንፋሽ አዎን፣ ተናገርኩ። መምህርቷ አላመነችኝም፤ ደጅ ስትጠብቅ የነበረችውን ልጅ ራሷን ጠርታ ቀላል ጥያቄ ጠየቀቻት፣ ከዚያም ፊቷን እያየች ጠበቀች። ልጅቷ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። መምህርቷ ስንት ጊዜ ይህ ትንፋሽ ከፊቷ እንዳለፈ እያሰበች ይሁን አይሁን አላውቅም። ልጅቷ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከክፍሏ ሳትወጣ እንድትቆይ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልሰማሁም።

አሁን በሌላ ከተማ አስተምራለሁ። የትኛው ፍልስፍና ይበልጣል ቢሉኝ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ጥያቄ ከጠየቅሁ በኋላ ግን ወደ ሰሌዳው ቶሎ አልዞርም።