ከጂዳ የመጣው አሳና አረንጓዴው መስታወት

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። አውራ ጣት የሚያክል አሳ የሚኖርበት መስታወት አረንጓዴ ሆነ፤ ከዚያ ጸዳ። ነገሩ ይኸው ነው። የክፍሌ ልጆች ስለ ሕይወታቸው ሲያወሩ የምሰማው ከዚህ ከበድ ያለ ነው። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ከትምህርቱም በላይ የደከምኩበት ጉዳይ ይህ ስለሆነ፣ የሆነውን በተራ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

አክስቴ መካነ ሰላም ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ጂዳ አንድ ቤት ለብዙ ዓመታት ሠርታ ነው የተመለሰችው። እዚያ ያሳደገቻት ልጅ አለች። ከተወለደች ጀምሮ ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ያስተኛቻት አክስቴ ናት። የራሷ ልጅ የላትም። መመለሻዋ ሲደርስ ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ፣ በመጨረሻ ከቤታቸው አሳዎች አንዱን ሰጠቻት። ተስማሙም፦ አክስቴ በየዓርቡ በስልክ አሳውን ልታሳያት፣ ልጅቷም በየዓርቡ ስልኩ ላይ ልትቀርብ።

አሳው ብርቱካንማ ሆኖ ነጭ መቀነት ያለው የባሕር አሳ ነው። በአየር በተነፋ ፌስታል፣ ፌስታሉ በካርቶን፣ ካርቶኑ በአክስቴ ጭን ላይ ሆኖ መጣ። ከደሴ ወዲህ በሚኒባሱ አጠገቧ የተቀመጡ ሰውዬ ምን እንደያዘች ጠየቋት።

"አሳ ነው" አለች።

"ስንት ኪሎ?"

"ለመብል አይደለም።"

ሰውዬው እስከ መካነ ሰላም ድረስ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም።

ከአሳው ጋር የመስታወት ገንዳ፣ መብራት፣ ውሃ የሚያንቀሳቅስ ሞተር፣ ማሞቂያና አንድ ከረጢት የባሕር ጨው መጣ። የማሞቂያው ጥቅም የመካነ ሰላምን ብርድ ለሚያውቅ ግልጽ ነው። ጨዉ ግን ለጎረቤት ግልጽ አልነበረም። አንዷ እናት ጨው ከውጭ መምጣቱ አስገርሟቸው፣ ቤታቸው የተቀመጠ አሞሌ እንዳለ ነገሩን። የባሕሩ ጨው የተለየ መሆኑን አስረዳኋቸው። "ጨው ጨው ነው፣ ልጄ" አሉኝ በርኅራኄ።

እኔ የወግዲ ልጅ ነኝ። የተመደብኩት እዚሁ በመሆኑ ከዓርብ እስከ እሁድ አክስቴ ቤት አሳልፋለሁ። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ መስታወቱ አረንጓዴ መሆን ጀመረ። መጀመሪያ ነጠብጣብ ነበር፤ ቀጥሎ ጭጋግ፣ ቀጥሎ ፀጉር የመሰለ ነገር በገንዳው ድንጋዮች ላይ በቀለ። ጎረቤቶች "ሻጋታ" አሉት። እኔ ከባዮሎጂ ትምህርቴ አልጌ መሆኑን አወቅኩ። ስሙን ማወቄ ለመስታወቱ ምንም አልጠቀመም።

አንድ ዓርብ አክስቴ እንደ ልማዷ ስልኩን ወደ ገንዳው አዞረች። ልጅቷ አየችው፤ ከዚያ በዓረብኛ አንድ ነገር ተናግራ ከስልኩ ላይ ጠፋች። እናቷ ትንሽ አውርተው ዘጉት።

"ምን አለች?" አልኩ።

"ሞቷል አለች። ሞቶባችሁ ነው አረንጓዴ ውሃ የምታሳዩኝ አለች።"

"ግን እኮ አልሞተም!"

"አይታየማ!" አለች አክስቴ። "አንቺ ተማሪ አይደለሽ? አጽጂልኝ። ወላሂ፣ ይህች ልጅ ከቀረችብኝ…"

በቀጣዩ ዓርብ ልጅቷ ስልኩ ላይ አልመጣችም። እናቷ ተኝታለች አሉ። ከዚያ በኋላም ዓርብ በመጣ ቁጥር ተኝታ ነበር።

ሥራዬን በትጋት ጀመርኩ። መስታወቱን በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ፤ ተመልሶ በቀለ። ውሃ ቀየርኩ፤ የጨው ከረጢቱ ጎደለ፣ አልጌው ግን አልጎደለም። ስልኬ ላይ ሳነብ፣ ገንዳውን ለጥቂት ቀናት ጨለማ ውስጥ ማቆየት አልጌውን ያዳክማል የሚል አገኘሁ። መብራቱን አጥፍቼ ገንዳውን በአክስቴ ጋቢ ሸፈንኩት። ይህ ስህተት ነበር።

ጋቢ ለብሶ የተኛ ነገር እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነበረብኝ። በማግስቱ የአሞሌዋ እናት ድፎ ዳቦ ይዘው ገቡ።

"እቴ፣ ታመመ አሉ?"

"ኧረ ደህና ነው" አለች አክስቴ።

"ደህና ከሆነ ለምን ተከናነበ? እግዜር ይማረው።" ጋቢውን ገለጥ አድርገው ከዳቦው ቆርሰው ጣሉለት። "ብላ፣ አይዞህ። የሰው አገር ከባድ ነው።"

እሳቸው ሳይወጡ ሐጂ መጡ። ሐጂ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። በሁለት እጃቸው ዱዓ አድርገው "አብሽሪ፣ አላህ ያሽረዋል" አሏትና ከኪሳቸው ቴምር አወጡ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የገንዳውን አሸዋ በማንኪያ ባገላብጠው ከሥሩ ቆሎ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የበሶ ጓል፣ አንድ ያልተነካ ቴምር ጭምር አገኘሁ። ቤታችን የገባ ሰው ሁሉ ሳያጎርሰው አይወጣም ነበር። ብቻውን ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነውና ጦሙን ሊያድር አይችልም። የተረፈው ምግብ ውሃው ውስጥ ይበሰብሳል፤ አልጌው የሚመገበው እሱን ነው። አሳውን እየመገበ የመሰለው ሰፈር፣ ሲቀልብ የከረመው አልጌውን ነው።

ለአክስቴ ይህን ስነግራት ራሷን ያዘች። "ታዲያ ሰዉን ምን ልበል? እንግዳዬን አታጉርሱብኝ ልበል?"

በትልቁ ጽፌ ገንዳው ላይ ለጠፍኩ፦ "አሳውን መመገብ በጥብቅ የተከለከለ ነው።" የአሞሌዋ እናት እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ካነበብኩላቸው በኋላ አክስቴን ትኩር ብለው አይተው "ዓረብ አገር ክፉ ነገር አስተምሮሻል" አሏትና ወጡ። አክስቴ ወረቀቱን ራሷ ቀደደችው።

ጾሙ ገባ። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ነበሩ። ሐጂ ሊጠይቁን ሲመጡ አክስቴ መቆየት አልቻለችም፤ የልጅቷን ነገር ሁሉ ነገረቻቸው። "ጾመኛ ነው ብዬ ላስወራስ?" አለቻቸው።

"አይሆንም" አሉ ሐጂ። "እንስሳ ጾም የለበትም። ውሸት ይሆንብሻል፣ ያውም በረመዳን።" መስታወቱን ጠጋ ብለው አዩ። ምንም አይታይም። "ቆይ። ይህ አሳ እንግዳሽ ነው አይደል?"

"ነው እንጂ።"

"ጾመኛ ቤት ያረፈ እንግዳ ከማን ጋር ይበላል?"

"ከባለቤቱ ጋር።"

"አበቃ! ማታ ጾሙ ሲፈጠር፣ ካንቺው እጅ፣ አንዴ። ሌላው ሰው እጁን ይሰብስብ። ይህን እኔ እናገራለሁ።"

ተናገሩም። ከወረቀቴ በላይ ሠራ። የአሞሌዋ እናት ታርቀውን ተመለሱ። ዳቦ ግን አልያዙም ነበር። "እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም፤ እሱ ከኔ አይብስም" አሉና አሳውን ባዶ እጃቸውን አሳዩት። አልፎ አልፎ አንድ ልጅ ቆሎ ይዞ ቢጠጋ፣ ከበር ላይ ሆነው የሚቆጡት እሳቸው ነበሩ።

እኔ አሸዋውን አጸዳሁ፤ መብራቱን ለአጭር ጊዜ ብቻ አበራሁ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ውሃ እየቀየርኩ ፈተግኩ። ፀጉር የመሰለው ነገር መጀመሪያ ገረጣ፤ ቀጥሎ በእጄ ሲነካ እየተነቀለ መጣ። አንድ ጠዋት ከገንዳው በስተጀርባ ያለው ግድግዳ ታየ። አክስቴ ግድግዳው ቀለም እንደሚያስፈልገው አስተዋለች።

የረመዳን መጨረሻ ዓርብ አክስቴ ደወለች። እናትየው ተኝታለች ሊሉ ሲጀምሩ አክስቴ ስልኩን ዝም ብላ ገንዳው ላይ አስጠጋችው። አሳው የሚያጎርሰው እጅ መስሎት ሮጦ መጣና አፉን መስታወቱ ላይ ከፈተ። ከወዲያ ጩኸት ተሰማ፤ የሚሮጥ እግር ተሰማ፤ ልጅቷ መጣች።

ረጅም ጊዜ አወሩ። እኔ ዓረብኛ ስለማላውቅ ንጹሑን መስታወት ስወለውል ቆየሁ። በመጨረሻ አክስቴ ስልኩን ወደ ራሷ ፊት አዞረችው።

"አሁን ምን አለች?" አልኳት በሹክሹክታ።

"አሳውን አየሁት፣ አሁን አንቺን ልይ አለች።" ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "የፊት ጥርሷ ወልቋል። ድዷን እያሳየችኝ ነው።"

ከዚያ ቀን በኋላ ገንዳው አረንጓዴ አልሆነም፤ ልጅቷም ዓርብ ዓርብ ተኝታ አታውቅም። ዕለቱ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።