ሰማይ ላይ ያረገዝሁ ዕለት

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ በሰባ ሁለት ዓመቴ ሰማይ ላይ አረገዝሁ። ያረገዝሁት የባለቤቴን የቅቤ ማሰሮ ነው። በዕድሜዬ የሠራሁት ሞኝነት ብዙ ነው፤ ባለቤቴ አንድ በአንድ ትቆጥርልኛለች። ይኸኛውን ሳስታውስ ግን እስቅና እስቅና መጨረሻ ላይ ዝም እላለሁ። የምጽፍላችሁ ዝም ስለሚያሰኘኝ ነገር ነው።

አዲስ አበባ የምትኖረው ልጄ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እንድገኝ ብላ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጣ ላከችልኝ። እኔ አምባ ጊዮርጊስ ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ ገበሬ ነኝ። ማኪና ላይ ብዙ ተንገላትቻለሁ፤ አውሮፕላንን ግን በሬ ጠምጄ ስውል ቀና ብዬ ከማየት በቀር አላውቀውም ነበር።

ባለቤቴ ለአራሷ ቅቤ አነጠረችና በሸክላ ማሰሮ ሞላች። ማሰሮዋን አገልግል ውስጥ ከትታ በጠፍር ግጥም አድርጋ አሰረችው። ከጉልበቴ እንዳላወርደው፣ መሬት እንዳላስነካው አስጠንቅቃ ሸኘችኝ። ከአርባ ዓመት በላይ አብረን ስንኖር ያለ ክርክር እሺ ያልኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ጉድ አመጣ።

ጎንደር፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ፈታሹ አገልግሉን አስከፍቶ አየ። ለአራስ መሆኑን ስነግረው ፈገግ ብሎ አሳለፈኝ። ዱላዬን ግን ተቀበሉኝ፤ ከሻንጣ ጋር ትሄዳለች አሉ። ዱላ የሌለው ሽማግሌ ጭራ እንደሌለው በሬ ነው፤ ዝንብ እንኳ ይደፍረዋል። ስለዚህ ገና አውሮፕላኑ ሳይነሣ ተቀይሜ ነበር።

መቀመጫዬ በመተላለፊያው በኩል ነው። ከጎኔ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ከጠዳ የመጣች ወጣት እናት የአምስት ወር ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። እኔ አገልግሌን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ቀበቶውን በጋቢው ላይ አሥሬ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብያለሁ።

ሆስተሷ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጭምድድ አድርጋ ያሰረች ልጅ ናት።

«አባባ፣ እሱን ከፊትዎ ካለው ወንበር ሥር እናድርገው» አለችኝ።

ከላይ ያለውን ዕቃ ማስቀመጫ ብጠይቃት በሰው ጓዝ ጢም ብሏል። ደግሞም ከባድ ነገር ከሰው አናት በላይ ባይቀመጥ ይሻላል አለችኝ። እኔ ደግሞ በእኛ አገር እህል ከእግር ሥር እንደማይቀመጥ አስረዳኋት። አገልግል መደብ ላይ ይቀመጣል ወይም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የወደቀ እንጀራ እንኳ አንሥተን፣ ስመን ነው የምናስቀምጠው። ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ገብቶኛል አባባ። ጉልበትዎ ላይ ሆኖ ግን አንነሣም።»

አነጋገሯ ለስላሳ ነው፤ ግን ዓለት ላይ የተነጠፈ ለምድ ማለት ነው፣ ስትቀመጥበት ዓለቱን ታገኘዋለህ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተሸነፍሁ። አገልግሉን ወንበሩ ሥር ከተተች። ቀበቶዬንም አስፈትታ ከጋቢዬ በታች ወገቤ ላይ አጥብቃ አሰረችው። ገበያ የሚወርድ በግ መሰልሁ።

ሰማይ ላይ ወጥተን ነገሩ ሁሉ ሲረጋጋ ቀበቶ እሰሩ የሚለው መብራት ጠፋ። እሷ ወደ ኋላ ሄደች። ያኔ ነው ተንኮሌ የተነሣብኝ። ጎንበስ ብዬ አገልግሉን ከወንበሩ ሥር ጎተትሁት፣ ጉልበቴ ላይ አወጣሁትና ጋቢዬን አለበስሁት። ቀበቶው ሁለታችንን አልችል ስላለኝ ፈታሁት፤ ጫፍና ጫፉን ግን የታሰረ እንዲመስል ጋቢው ላይ አጋደምሁት። ሆዴ እስከ አገጬ ደረሰ።

የጠዳዋ ልጅ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አባቴ፣ ስንት ወርዎ ነው?»

«ዘጠኝ ገብቻለሁ» አልኋት። ሁለታችንም ልጁ እንዳይነቃ አፋችንን ይዘን ሳቅን።

ሆስተሷ ውሃ ስታድል ሳትነቃብኝ አለፈች። እንዴት እንደኮራሁ። በሰባ ሁለት ዓመቴ፣ ያንዲት ልጅ ዐይን ሸወድሁ ብዬ።

ጥቂት ቆይቶ መብራቱ እንደገና በራ። መውረድ ልንጀምር ነው፣ ከፊታችን ደመና አለ፣ ሁላችሁም ቀበቷችሁን እሰሩ ተባለ። እሷ ከፊት ጀምራ ግራና ቀኝ እያየች መጣች። እኔን አለፈችኝ። ሁለት ረድፍ ሄዳ ቆመች፣ ተመለሰች። እረኛ ከመቶ በግ መሀል ያነከሰችውን እንደሚለይ ማለት ነው።

«አባባ፣ ጋቢዎን ይግለጡልኝ።»

ብርድ ነው አልኋት። ሆዴን ነፍቶኛል አልኋት። የወደቀ ሰው የማይዘው ቅጠል የለም። እሷ ግን ቆማ ጠበቀች። በመጨረሻ የጋቢውን ጫፍ ራሷ አነሣች፤ አገልግሉም ፊቱን አወጣ። ወሰደችውና ተንበርክካ ወንበሩ ሥር ከተተችው። ግማሹ ወደ ውጭ ስለቀረ ብድግ ብላ በጫማዋ ጫፍ ወደ ውስጥ ገፋችው።

በጫማዋ። እህሉን።

ደሜ ፈላ። ቀበቶዬን ለማሰር ጎንበስ ስትል ለራሴ ያህል፣ ግን ከአፌ በወጣ ድምፅ፣ «እግርሽ ይሰበር» አልሁ። እሷ አልሰማችም። የጠዳዋ ልጅ ግን ሰማች፤ ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

ሆስተሷ ቀበቶዬን ቆልፋ፣ ሳብ አድርጋ መጥበቁን አየች። ቀና ስትል አውሮፕላኑ ወደቀ።

ሌላ ቃል የለኝም፤ ወደቀ። ከሥራችን የነበረው ነገር ሁሉ የሄደ መሰለኝ። ቀበቶው ወገቤን ቆረጠኝ። አንድ የውሃ ጠርሙስ ወደ ላይ ሄዶ ጣራውን መታ። እሷም እንደ ጠርሙሱ ወደ ላይ ተነሣች፤ በትከሻዋ ዕቃ ማስቀመጫውን መትታ ስትመለስ አንድ እግሯ ከሥሯ ታጥፎ መተላለፊያው ላይ ወደቀች። ሰው ጮኸ፤ ሕፃኑ አለቀሰ። አውሮፕላኑ ወደ መስኮቱ በኩል ዘነበለ። አገልግሉ ከወንበሩ ሥር ሆኖ ጠፍሩ ሲንቋቋ ሰማሁት፤ መውጫ ግን አጣ።

ወደ መስኮቱ በኩል ነው የዘነበልነው። ሕፃኑ ወዳለበት። ያቺ የሸክላ ማሰሮ ጉልበቴ ላይ ብትሆን ኖሮ ወዴት እንደምትሄድ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

ሆስተሷን እግሬ አጠገብ ወድቃ ሳያት ላነሣት ብዬ እጄን ወደ ቀበቶዬ ሰደድሁ። ጥርሷን ነክሳ ከመሬት ቀና አለች።

«አያ፣ አይፍቱ። ቀበቶዎን አይፍቱ።»

እስከዚያ ድረስ አባባ ነበር የምትለኝ። በእኛ አገር ወግ አያ ያለችኝ ያኔ ነው። እጄ ባለበት ቀረ። ወዲያው አውሮፕላኑ ሁለተኛ ወደቀ። ፈትቼው ቢሆን የምወርደው እሷው ላይ ነበር።

የወንበሮቹን እግር እየያዘች በእንብርክኳ ወደ መቀመጫዋ ሄደች። ወጣች፣ ራሷን አሰረች። ከዚያ ሆና ማንም እንዳይነሣ፣ ልጅ የያዙ አጥብቀው እንዲያቅፉ ስትናገር ድምፅዋ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

አውሮፕላኑ ሲረጋጋ የጠዳዋ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አባቴ፣ አፍዎ ቶሎ ይሰማል።»

በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። የሽማግሌ እርግማን ይደርሳል ሲባል እኔ እስቅ ነበር። ስንት በሬ እግርህ ይሰበር ብዬ ረግሜ ሁሉም አርጅቶ ነው የሞተው። ደግሞም እሷን የጣላት ደመናው እንጂ ምላሴ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ያን ሰዓት ከሰው ሁሉ እሷ ብቻ ቆማ የተገኘችው ስለ ማን ነው? እኔን ልታስር ተመልሳ አይደለም? እርግማኑ ባይደርስ እንኳ ተንኮሌ ደርሷል።

አዲስ አበባ ስናርፍ ሰው ሁሉ እስኪወርድ ቆየሁ። እሷ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። አንድ ጫማዋ ወልቋል፤ ቁርጭምጭሚቷ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ በረዶ ተደርጎበታል። እንዲያም ሆና ለሚወርደው ሁሉ ደህና ይግቡ ትላለች። አጠገቧ ቆምሁና ጠየቅኋት።

«ምነው ልጄ፣ አንድ ሞኝ ሽማግሌ ብትተዪ ምን ነበረበት?»

ነገረችኝ። ሥራ እንደጀመረች ሰሞን አንዲት አሮጊት ቀበቶው ሆዴን ያመኛል ብለው ለመኗት፤ አዘነችና ተወቻቸው። አውሮፕላኑ ሲናጥ ራሳቸው ጣራውን መታ። ተርፈዋል፤ አንገታቸው ግን ዛሬም እንደ ልብ አይዞርም።

«በየበዓሉ እደውልላቸዋለሁ፤ እሳቸው ይመርቁኛል። እሱ ነው የሚከብደኝ» አለችኝ። «ከዚያ ወዲህ ለሰው የማዝነው በመጨቅጨቅ ነው።»

ያጠፋችባቸው መረቋት፤ ያዳነችው ረገማት። ይህን እያሰብሁ ሌላ ወሬ ፈለግሁና ስትደነግጪ የአገርሽ አፍ ወጣ፣ አያ አልሽኝ አልኋት። ሳቀች። የደንቢያ ልጅ ናት፤ ቆላ ድባ ተወልዳ ያደገች።

«የእህሉን ነገር እኔም አውቃለሁ፣ አያ። እጄ አልደርስ ብሎኝ ነው በእግሬ የገፋሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

አስቡት። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። እኔ ያን ጊዜ እጄን አንሥቼ፣ እንዲህ ብዬ ረግሜሽ ነበር፣ አፌን ይቅር በዪው ብዬ፣ መርቄ መነሣት ነበረብኝ። እኔ ግን ይቅር ለእግዚአብሔር ብቻ አልሁ፤ የሷን ተቀብዬ የራሴን ደበቅሁ። አፌን ለመክፈት ስታገል በተሽከርካሪ ወንበር ሊወስዷት መጡ። አገልግሉን አቅፌ ወረድሁ።

ቅቤው ሳይፈስ ደረሰ። ሸጋ ክርስትና ተደረገ። ሁሉም ገንፎውን በቅቤው እያጣቀሰ ሲበላ እኔ ድርሻዬን ወደ ጎን ገፋሁ፤ ልጄ አባዬ አውሮፕላን አልተስማማውም ብላ አዘነችልኝ።

ስመለስ ሌሎች ሆስተሶች ነበሩ። ጠየቅኋቸው። የእግሯ አጥንት ተሰንጥቆ በጀሶ ታስሯል፣ ሲሻላት ትመለሳለች አሉኝ። ስሟን ግን ለመንገደኛ መንገር ደንብ አይፈቅድም አሉ። አልተከራከርሁም። ከዚያ ወዲህ ስለ ደንብ መከራከር ትቻለሁ።

ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው። የረገመ አፍ ራሱ ይመርቅ፣ የተረገመውም ሰው ሰምቶ አሜን ይበል አሉኝ። በሩቁ መርቄ ልገላገል ብል አልፈቀዱልኝም።

እኔም ጨከንሁ። በገበያ ቀን ሁለት ጊዜ ቆላ ድባ ወርጃለሁ። እግሯን የታመመች ሆስተስ የወለደ ሰው አለ ወይ እያልሁ እህል ተራውን ስዞር ጤነኛ አልመሰልኋቸውም። አንዲት ሽንብራ ሻጭ ብቻ፣ አውቃታለሁ፣ እናቷ ጎንደር ገብተዋል፣ ሰፈራቸውን ግን አላውቅም አለችኝ። ለዘመን መለወጫ ጎንደርን ሰፈር በሰፈር እይዘዋለሁ። ጉልበቴ አይችልም ለሚሉኝ፣ እሷ በተሰበረ እግሯ ሥራዋን ጨርሳለች እላቸዋለሁ።

ማኪና ስሳፈር ቀበቶ ያለው ሁሉ ሳያስር አላስነሣም፤ የአምባ ጊዮርጊስ ሾፌሮች ሲያዩኝ «ሆስተሱ መጡ» ይላሉ። አገልግል ከያዝሁም ስሜው ከወንበር ሥር አስቀምጠዋለሁ።

ምርቃቱን ጠዋት ጠዋት እለማመደዋለሁ፤ ባለቤቴ ከበሬዎቹ ጋር የማወራ ይመስላታል። እግርሽ ይጽና። የረገጥሽው ይለምልም። ከወደቅሽበት ያንሣሽ፤ የጣለሽንም አፍ ይቅር ይበለው። እንዲህ እያለ ረዘም ይላል፤ አንድ ቃል ሳላስቀር በቃሌ ይዤዋለሁ። የቀረኝ አሜን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው እሷ ዘንድ ነው።