ከአልጋው ፊት ለፊት የነበሩት ፈረሰኞች

በፈረንጆቹ 2010ዎቹ ኦስሎ ውስጥ ለኮሙኑ፣ ለከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ ተቀጥሬ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን እከባከብ ነበር። ከሁሉም የምወዳቸው ቬስትሊ የሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ልባቸው ደክሟል፤ ብዙ እንደማይቆዩም ሐኪሙ ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን ሆስፒታል አልሄድም፣ ቤቴ ልሙት ብለው ቁርጡን ተናገሩ።

አንድ ነገራቸው ብቻ ያበግነኝ ነበር፤ ከአልጋቸው ፊት ለፊት የሰቀሉት ሥዕል። ከጥንት የጀርመን የእንጨት ቅርጽ የታተመ፣ የዮሐንስ ራእይ አራቱ ፈረሰኞች ነው። ሦስቱ ቀስት፣ ሰይፍና ሚዛን ይዘው ይጋልባሉ። ከሥራቸው አጥንቱ የገጠጠ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ ሞት፣ መንሹን ይዞ ሰዉን እየጠረገ ይመጣል።

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ያደግሁት ግድግዳው ላይ ጥቅስ እንጂ ሥዕል በማይሰቀልበት ቤት ነው። ትራሳቸውን ባስተካከልኩ ቁጥር ያንን ፈረስ አይና በሆዴ «በኢየሱስ ስም!» እላለሁ። ሊሞቱ የተቃረቡ ሴትዮ እንዴት ከሞት ጋር ተፋጠው ይውላሉ? አንድ ጠዋት ወንበራቸው ላይ ሲያንቀላፉ ሥዕሉን አውርጄ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሸጎጥኩት፤ በምትኩ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ጥቅስ ሰቀልኩ። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

በማግስቱ ስደርስ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሽማግሌውን የት አደረስሽው?» አሉኝ።

«የሚያስፈራዎት መስሎኝ ነው ያነሳሁት።»

«ኔይ፣ አይደለም! የሚያስፈራኝ በየት በኩል እንደሚመጣ ሳላውቅ ነው። እዚያ ሲሆን አየዋለሁ። በሩን ስጠብቅ አደርኩልሽ።»

አፈርኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይሄ ነው። የፈራሁትስ እኔ ነበርኩ። እናቴ አዲስ አበባ ስታርፍ እኔ እዚህ ነበርኩ፤ መርዶዋን የሰማሁት በስልክ ነው።

ሥዕሉን መለስኩላቸው።

«ጥቅሱን ላንሳው?»

«ተይው፣ ጎን ለጎን ይሁኑ። አሁን ቁጭ በይና አብረን እንየው።»

የሚቀጥለው ቤት ሰዓቴ አልፏል፤ ቢሆንም ተቀመጥኩ።

«ፈረሱን እዪው እስቲ» አሉኝ፤ «እሱም ደክሞታል እኮ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጠዋት፣ እጃቸው በእጄ እንዳለ አረፉ። ለእናቴ ሳላደርግላት የቀረሁትን ለእሳቸው አደረግሁ፤ ዓይናቸውን ከደንኩላቸው።